በሦስተኛው ሙከራ በራልኝ

ትናንት ማታ የቫገንፌልድ መብራቴን ሰንሰለት ሳብ ሳደርገው ቦግ አለ። ብልጭ ድርግም የለ፣ መወላገድ የለ። ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ለማታውቁት፣ የቫገንፌልድ መብራት ማለት ቪልሄልም ቫገንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1924 ጀርመን፣ ቫይማር በነበረው ባውሃውስ በሚባለው የዲዛይን ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ የሠራው የጠረጴዛ መብራት ነው። ከላይ ወተት የመሰለ የመስታወት ጉልላት፣ ከታች ወፍራም ክብ መስታወት፣ መሃል ላይ የመስታወት ቱቦ። በቱቦው ውስጥ ኒኬል የተለበጠ ቀጭን የብረት ቱቦ ይወርዳል፤ ገመዱ የሚያልፈው በእሱ ነው። የእኔው ኦሪጅናል አይደለም። ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ካለው የቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት፣ ሠሪው የማይታወቅ ኮፒ ነው።

ማጽዳቱን፣ ስፒና መግጠሙን እዘለዋለሁ። ያስለቀሰኝ ዳዶው ነው።

መብራቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ከሥር ያለች አንዲት ዳዶ ናት። ስትላላ ቱቦው ይወዛወዛል። ስትጠብቅ ደግሞ ብረቱ የታችኛውን ክብ መስታወት ይጫነዋል። እኔ መወዛወዙ አናደደኝና በመፍቻ አጠበቅኳት። ቀጭ! መስታወቱ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ። መስታወት ቆራጭ ጋ ሄጄ አዲስ አስቆረጥኩ፤ ክፍያው ከመብራቱ ዋጋ በለጠ። ሁለተኛውንም ሰነጠቅኩት። አሁን በመፍቻ ሳይሆን በካቻቢቴ እጀታ እየገፋሁ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ እልህ ነው።

መፍትሔው ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተገኘ። ሁለት ክብ ቆርጬ ከመስታወቱ በላይና በታች አደረግኩ፤ ብረት መስታወት አይነካም። ዳዶዋን በጣት ብቻ አጠበቅኩ። መፍቻውን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ የምሬን ነው።

ቫገንፌልድ መብራቶቹን ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ሲያቀርብ ነጋዴዎች ስቀውበት ነበር አሉ። ርካሽ የፋብሪካ ዕቃ ይመስላል፣ ግን በእጅ የተሠራና ውድ ነው። በፊት ነገሩ አይገባኝም ነበር። ሁለት መስታወት ከሰነጠቅኩ በኋላ ገባኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። «ኦሪጅናሉ ገመድ ይቆይ» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ያረጀ ገመድ በብረት ቱቦ ውስጥ ማለት መብራቱን የነካ ሁሉ ሊነዝረው ይችላል ማለት ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ግዙ፤ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው የመሬት ሽቦ ከብረቱ አካል ጋር ይታሰር። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ኤሌክትሪሺያን ይየው። ይህን የምለው እኔ ራሴ አሮጌውን ገመድ በቴፕ ጠቅልዬ ሁለት ወር አጠገቡ ቡና ስጠጣ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ።

ኒኬሉን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት። ለስላሳ ጨርቅና የሳሙና ውሃ ይበቃል። የኔው ላይ የአውራ ጣት ያህል ተልጦ ከሥር ቢጫው ወጥቷል። ያንን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ።