ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት ቀላል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ነው የፈተነኝ

ይሄን የምጽፈው ሌላ እናት እንደኔ ከመንከራተቷ በፊት ብታነበው ብዬ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ከገና በኋላ ጠባይዋ ተቀየረ፣ ምግብ አትበላም፣ ከእህቷ ጋር ጭቅጭቅ፣ ጠዋት አልነሳም፣ "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "ምንም"። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ደሟ ታየ፣ ደህና ናት ተባለ። በኋላ ስደርስበት የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ነው ብላ እየገዛች ቲክቶክ ላይ ነው የምታድረው።

ቤት ውስጥ ያለው ቶሎ አለቀ። ፋሚሊ ሊንክ (ወላጅ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበት የጉግል አፕ) ጫንኩ፣ ቻርጀሮቹን ሳሎን አወጣሁ፣ የኔም ስልክ እዛው ያድራል (የናንተ ካላደረ አይሰሟችሁም)። ቲክቶክ በ2023 ለታዳጊዎች ያመጣውን የ60 ደቂቃ ገደብ ግን እንዳታምኑት፣ ኮድ አስገብተው ይቀጥላሉ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ "ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ብሎ ለጥፏል፣ አሳይመንት ግን ማታ 3 ሰዓት በቴሌግራም ይለቃል! "እማ አሳይመንት አለ" ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ እሰጣታለሁ፣ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ ትሻገራለች፣ በቃ ሌሊት 7 ሰዓት ሆነ። ሆምሩም ቲቸሯ ወደ ዩኒት ሊደር፣ ዩኒት ሊደሩ ወደ ምክትል ርእሰ መምህር፣ ምክትሉ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እኔ ከስራ አስፈቅጄ መጥቼ በረንዳ ላይ ተጎልቻለሁ። በመጨረሻ ሲያነጋግሩኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "እናት፣ ስልኩን ይቀሟታ፣ እኛ ድሮ በምን ተማርን?" አሳይመንቱን በምን ትየው ስላቸው "ከጓደኛዋ ትጠይቅ"። ጓደኛዋን በምን ነው የምትጠይቃት? በስልክ! አሁንም ሳስበው ይነደኛል።

ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። ሰርቪስ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይመጣል፣ ስለዚህ 11 ሰዓት ትነሳለች፣ ለዚህ እድሜ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ ትንሹን እንኳን እንድታገኝ ማታ 3 ሰዓት መተኛት አለባት፣ እናንተ በዛችው ሰዓት ስራ ትልካላችሁ። "እናየዋለን" ብለው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔም ያንኑ ሂሳብ የወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) ስብሰባ ላይ ተነስቼ አነበብኩት፣ ወላጁ ሁሉ ለካ ታምቆ ነው የቆየው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የተለቀቀ አሳይመንት ለነገ አይጠየቅም ተባለ።

"ቀሟት" የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም፣ ጓደኞቿ ሁሉ እዛ ናቸው፣ ሰፈራችን ላይ ደግሞ ሜዳ እንኳን የለም። የአሜሪካ መንግስት የጤና ሹም በ2023 ባወጣው ማሳሰቢያ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚቆዩ ታዳጊዎች ለድብርትና ለጭንቀት ያላቸው ስጋት እጥፍ ነው ተብሏል፣ እኔ ግን ሰዓት መቁጠሩን ትቼ ሌሊቱን ብቻ ነው የያዝኩት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብትጎለትበት ዝም እላለሁ። የኔዋ መብላትም መሳቅም ጀምራለች። እንቅልፏ ተስተካክሎም ያልተሻላት ልጅ ካለቻችሁ ግን ሰው ምን ይላል ሳትሉ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ውሰዷት።

የፊዚክስ መምህሩ አሁንም ማታ ይልካል። እኔም ስክሪንሾት እያነሳሁ ለምክትሉ እልካለሁ፣ በዛው በቴሌግራም።