ሊቲየም ባትሪ ሞተር ሳይክል ላይ ስትገጥሙ፦ 12.8 ቮልት ሙሉ አይደለም

ባለ 9 አምፒር (አምፒር አወር ለማለት ነው) የአሲድ ባትሪ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እሱን የሚተካው ሊቲየም 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እጅ ላይ ስለሚቀል ባዶ ሳጥን ሊመስል ይችላል፤ ግን ውስጡ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ አራት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ ታስረዋል፣ ድምሩ 12.8 ነው። አብራቸው ሴሎቹን የምትጠብቅ ትንሽ ቦርድ አለች፣ ቢኤምኤስ የሚሏት። መግጠሙ ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እንደ አሲድ ባትሪ ስለምንይዘው ነው።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ግዙት ሌላ ቦታ፣ መጀመሪያ የተጻፈበትን አንብቡ። በትልቁ 9 አምፒር ብሎ ከጎኑ «ፒቢ» የሚል ካለበት፣ ቁጥሩ «ባለ 9 የአሲድ ባትሪ ይተካል» ለማለት ነው። በውስጡ የያዘው ብዙ ጊዜ 3 አምፒር ገደማ ነው። ዋት አወር የሚል ቁጥር ካገኛችሁ ለ12.8 አካፍሉት፤ 38 ካለ 3 አምፒር ማለት ነው። ሊቲየም ያለውን በአንዴ መስጠት ስለሚችል ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ለማዞር ይበቃል። ለሌላው ግን ትንሽ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ከላፕቶፕ ሴል ተሠርቶ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን «12 ቮልት» ጥቅል ግን ሞተር ላይ በፍጹም አትግጠሙ። ሦስት ሴል ከሆነ ሙሉው 12.6 ነው። ሞተሩ 14.4 ቮልት ሲልክበት ለእያንዳንዱ ሴል 4.8 ይደርሰዋል፣ ሴሉ የሚችለው ደግሞ 4.2 ብቻ ነው። እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ያውም ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) አጠገብ።

አሮጌውን ባትሪ ከማውጣታችሁ በፊት ሞተሩ የሚልከውን ቻርጅ ለኩ። ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ፣ ባትሪው ጫፎች ላይ አስነኩ። ነዳጅ ሰጥታችሁ ወደ 5000 ዙር ስታደርሱት ከ13.8 እስከ 14.4 ቢያሳይ ጥሩ ነው። ከ14.6 ካለፈ ሊቲየሙን አትግጠሙ። 15 ከደረሰ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ ወይም ወደ ሻሲ የሚሄደው የማሳ (የኔጌቲቭ) ሽቦ ዝጓል። ማሳው ሲዝግ ሬጉሌተሩ የባትሪውን ቮልት አሳንሶ ሊያነብና አብዝቶ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ሬጉሌተር ከመግዛት በፊት የማሳውን ብሎን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይቀድማል።

ስትፈቱ ከኔጌቲቩ ጀምሩ። ፖዘቲቩን ካስቀደማችሁ፣ የያዛችሁት የ10 ቁልፍ ሻሲ በነካ ቁጥር ሾርት ያደርጋል። የባትሪው ሳጥን ውስጥ ነጭ የአሲድ ቅሪት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡትና አድርቁት። ሊቲየሙ አነስ ስለሚል ዙሪያውን በጠንካራ ስፖንጅ ሙሉት፤ ኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጨ ከዋለ ሽቦው ብሎኑን ያላላዋል። የፖዘቲቩ ጎን ከአሮጌው ጋር መመሳሰሉን እዩ፣ ተወጥሮ የሚደርስ ሽቦ አይታሰር። ከዚያ ፖዘቲቩን አስቀድሙ፣ ኔጌቲቩን አስከትሉ። ዳዶው የሚገባበት ናስ ለስላሳ ስለሆነ በጉልበት አታጥብቁት፤ ጥርሱ አንዴ ካለቀ ባትሪውም አለቀ። የፖዘቲቩን የጎማ ሽፋን መልሱ።

አሁን ወደ ርእሱ። የአሲድ ባትሪ አርፎ 12.7 ወይም 12.8 ካሳየ ሙሉ ነው። ሊቲየሙ 12.8 ካሳየ ግን የቀረው ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሙሉው ቻርጅ ካቆመ ከጥቂት ሰዓት በኋላ 13.3 አካባቢ ነው፤ 13.0 ሲያሳይ ብዙው ሄዷል። መካኒክ 12.8 አይቶ «ባትሪህ ሙሉ ነው፣ ሞተሪኖህ ነው» ካለ፣ ሞተሪኖውን ከማስፈታት በፊት ባትሪው ይሞላ።

ባትሪውን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ያለበትን ቦታ ለመከታተል የተገጠመው ጂፒኤስ ነው። ጂፒኤስ ቁልፍ ተዘግቶም ይሠራል። 20 ሚሊ አምፒር ቢወስድ በቀን 0.48 አምፒር አወር ይሆናል፤ ባለ 9ኙን ለመጨረስ 19 ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ የ3 አምፒሩን ሊቲየም ግን በ6 ቀን ይጨርሰዋል። ሞተሩ አልነሳ የሚለው ከዚያም ቀድሞ ነው። ለፋሲካ ሞተሩን አቁሞ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ኔጌቲቩን ፈቶ ይሂድ። የራሳችሁን ለማወቅ ቁልፉን ዝጉ፣ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ቴስተሩን በ10 አምፒር ቀዳዳ አድርጋችሁ በሽቦውና በባትሪው መካከል አስገቡ። በዚያ ጊዜ ቁልፍ አትክፈቱ፣ ሞተሪኖም አትንኩ፤ ቴስተሩ ሊቃጠል ይችላል።

የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ሊቲየም ይደክመዋል፣ ሞተሪኖው ጎተት ብሎ ይቆማል። ደጋግሞ መጫን አይጠቅምም። ቁልፍ ከፍታችሁ የፊት መብራቱን ለአንድ ደቂቃ አብሩ። ሞተር ሳይነሳ መብራቱ በማይበራባቸው ላይ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ይሠራል። ሴሎቹ ኃይል ሲሰጡ ከውስጥ ይሞቃሉ፣ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ይሻላል። መርገጫ ካለው ደግሞ ርገጡ።

ቻርጀር ከ14.4 እስከ 14.6 ላይ የሚቆም የሊቲየም ይሁን። «ሪፔር» የሚል ቁልፍ ያለው የአሲድ ቻርጀር ከፍተኛ ቮልት እየቆረጠ ስለሚልክ ሴሎቹን ይጎዳል። ለማስነሳት ከመኪና ባትሪ በሽቦ ስትበደሩ የመኪናው ሞተር ይጥፋ። ቴስተር 0 ካሳየ ቦርዷ ዘግታ ይሆናል፣ የሊቲየም ቻርጀር ሊቀሰቅሳት ይችላል። 8 ቮልት ወይም ከዚያ በታች አሳይቶ ለቀናት የቆየን ወይም ያበጠን ባትሪ ግን ቻርጅ ላይ አታድርጉት።

አሮጌው የአሲድ ባትሪ ለቁራሌው ሲሸጥ አሲዱ እንዳለ፣ ሳይዘቀዘቅ፣ ጫፎቹ በናስትሮ ተሸፍነው ይሂድ። ክብደቱን ለመቀነስ ብላችሁ ቱቦ ውስጥ አታፍስሱት፤ ውስጡ እርሳስም አለበት።