ድንኳኑ ሳሎን ውስጥ ተተክሏል

ከባለቤቴ ጋር ድንኳን ተክለን ወደምናድርባት ደሴት የምትወስደን ጀልባ የምትነሳው ዓርብ ጠዋት ነው። እኔ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ዘርግቼ ካስማ እየቆጠርኩ ነው። 14 መሆን ነበረበት፤ 11 አገኘሁ።

ደሴቷ ትንሽ ናት፣ ሱቅ የላትም። የረሱትን ሮጦ መግዛት አይታሰብም። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ውሃ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ያዝኩ። የምንቆየው ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ቢሆንም፣ ማዕበል ተነስቶ ጀልባዋ ብትቀርስ ብዬ አንድ ቀን ጨመርኩ። ለሁለት ሰው ለ4 ቀን 32 ሊትር መጣ። 32 ኪሎ ማለት እኮ ነው! ከወደቡ በኋላ ደግሞ ያለው እግራችን ብቻ ነው። ባለቤቴ የምወደውን ተጣጣፊ ወንበር ከዕቃው ውስጥ መዝዛ ስታወጣ ድምፄን አጠፋሁ።

የጋዝ ምድጃዋን ይዞ መሳፈር ይቻል እንደሆነ ደውዬ ጠየቅሁ። ተፈቅዷል።

አምና አሸዋ ላይ አጭር ካስማ ተክዬ ጉድ ሆኛለሁ። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ድንኳኑ ፊታችን ላይ አረፈ። ዘንድሮ ባዶ ከረጢቶች ይዣለሁ። እዚያው አሸዋ ሞልቼ፣ ገመዱን አስሬ እቀብራቸዋለሁ። ሦስቱ ካስማዎች ግን እስካሁን የሉም።