ከጂረን በታች ያለችው ጅማ፦ መሀል ከተማውን በእግር ማስጎብኘት የጀመርኩበት መንገድ

ጅማ የሚመጣ እንግዳ የሚያደርገው ይታወቃል። ባጃጅ ይይዛል፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ጂረን ኮረብታ ይወጣል፣ የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መሀል ከተማ ወርዶ ምሳውን ይበላና መንገዱን ይቀጥላል። ይሄ ለዓመታት ሲቆጨኝ ኖሯል። ጂረንን ጂረን ያደረገው ገበያው ነው። ገበያው ደግሞ ታች ነበር፣ ሂርማታ በሚባለው ቦታ። አሁንም እዚያው ነው።

ስለዚህ ፈረንጅ አራዳ ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ ሂርማታ ገበያ ላይ የሚያልቅ የእግር ጉብኝት ጀመርኩ። ሌላ ከተማ ላይ ሊሞክረው የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመው እንደሆነ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ብቻዬን ተጓዝኩ። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ወደ ማታ። ስለ ከተማው ያነበብኩት ነገር ነበረኝ፤ ግን ጥላ የት እንዳለ፣ የባጃጅ ጥሩምባ የት ድምፅህን እንደሚውጠው፣ አረጋዊ ሰው የቱ ጋ ማረፍ እንደሚፈልግ የትም አልተጻፈም። እነዚህን ሳላውቅ ታሪክ ብናገር ማን ይሰማኛል? የማቆምባቸውን ቦታዎች የመረጥኩት በዚህ ነው። አንድ ደንብም አወጣሁ፤ በጣት ላሳየው የማልችለውን ነገር ብዙ አላወራም።

መንገዱ ከዘመን ቅደም ተከተል ጋር ይጋጫል፤ ሆን ብዬ ነው። ፈረንጅ አራዳ የጣሊያን ዘመን አሻራ ያለበት ሰፈር ነው። ሂርማታ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። እንግዳ ግን ዓይኑ መጀመሪያ ሕንፃ ይፈልጋል። ሕንፃ እያየ መጠየቅ ይለምዳል። ገበያው ጋ ሲደርስ ከድሮው የቆመ ግድግዳ ባያገኝም፣ እስከዚያ ድረስ ማየት ለምዷል።

ፈረንጅ አራዳ ላይ ሁሌ የሚነሳ አስተያየት አለ፦ «ጅማን የሠራት ጣሊያን ነው» ይላሉ። በትዕግሥት ነው የምመልሰው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልመጣም። የመጣው ንግድ ወዳለበት፣ ቡና ወዳለበት፣ መንገዶች ወደሚገናኙበት ቦታ ነው። የዚያ ዘመን የከተማ ፕላን የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ የማስቀመጥ ልማድም ነበረው። ይሄ ሳይነገር የግድግዳውን ውበት ብቻ ማድነቅ ለኔ ጎደሎ ነው።

ከዚያ ጂረን ያለበት ኮረብታ ወደሚታይበት ቦታ እንሄዳለን። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ከአፄ ምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ፤ በዚህም በግዛታቸው ላይ የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ። እናታቸው ጉሚቲ በዚህ ምክር ላይ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይነገራል። ይህን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቆሞ መስማት አንድ ነገር ነው። ከታች፣ ከገበያው በኩል ሆኖ ሽቅብ እያዩ መስማት ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ግብሩን የከፈሉት ከየት አምጥተው እንደሆነ ያኔ ይገባል።

በጣም ያሰብኩበት ሂርማታን ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ገበያ ነበር። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ ጨው ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። የባሪያ ንግድ የዚህ ገበያ ትልቅ ክፍል ነበር፤ ይህን ሳልናገር የማልፍበት መንገድ አልታየኝም። ግን ከተማው የኔ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሰፈሩን ከኔ በላይ የሚያውቁ አንድ ሐጂ ዘንድ ሄጄ አማከርኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄንንም ለእንግዳ ትናገራለህ?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እሱን ዘልዬ ስለ ቡናው ብቻ ካወራሁ ዋሸሁ ማለት ነው» አልኳቸው።

ትንሽ ቆዩና «እንግዲያው ሰው እየተጋፋ፣ ቆመህ አትናገረው። አስቀምጣቸውና ተናገር» አሉ።

እስካሁን የምሠራው በዚህ ምክር ነው። ያንን ክፍል የምናገረው ቡና የሚፈላበት ቤት ገብተን፣ ሁሉም ሰው በርጩማ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ድምፄን አላሳምርም። ጥያቄ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቡናው የሚቀዳው። ለጉብኝቱ ካገኘሁት ምክር ሁሉ የዚህን ያህል የጠቀመኝ የለም።

የሰፈር ሰው ፈቃድ ከምንም በላይ ነው። የምናያቸው ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው፣ ሱቅ የተከፈተባቸው ናቸው። እንግዳ ከማምጣቴ በፊት ባለቤቶቹ ጋ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬ አወራለሁ። በቀጥታ «አይሆንም» ያለኝን ሰው በር ከሩቅም አላሳይም። ካሜራ ሲታይ «ለምንድን ነው የምታነሱት?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ሁሌም በኪሴ አለ። ቡና ለምታፈላልን እትዬ ሒሳቡን እንግዳው ራሱ በእጇ ይሰጣል እንጂ በኔ በኩል አያልፍም። በርጩማ የሚሸጡ ጠራቢዎች ጋም እንደዚያው ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ሦስት እግር የሚወጣለት ሥራ ነው። ሲጠርቡ ያየ ሰው ዋጋ ለመከራከር አፉን አይከፍትም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ከስምንት ሰው በላይ አልይዝም፤ የኋላኛው ሰው ካልሰማ ጉብኝቱ ለእሱ የእግር ጉዞ ብቻ ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ማልደን እንወጣለን። ዓርብ ቀትር ላይ በመስጊዶች በኩል አላልፍም። ከሰኔ ጀምሮ ጅማ ላይ ዝናቡ ስለሚከብድ ጠዋት ጨርሰን ከሰዓቱን ለዝናቡ እንለቃለን። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ደግሞ ገበያው ላይ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ በእጃቸው እንዲዘግኑ አደርጋለሁ። ክፍያውን ሲመዘገቡ በቴሌብር ይልካሉ፤ መንገድ ላይ ስለ ገንዘብ አናወራም።

ያልጠበቅኩት ነገር የእንግዶቼን ማንነት ነው። ለውጭ አገር ሰው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ደጋግመው የሚመጡት ግን የጅማ ልጆች ናቸው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲያችን ገብተው የሚማሩ ወጣቶች ወላጅ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ይዘውት ይመጣሉ። ስለዚህ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አስጎበኛለሁ። የከተማው ሰው ሲመጣ ደግሞ እኔም እማራለሁ፤ «ይሄ ቤት እኮ የአያቴ ነበር» የሚል ሰው ከመሀል ይነሳል። ያኔ ቦታዬን ለቅቄለት እሱ እንዲናገር አደርጋለሁ።

ከማሳያቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፤ ሌሎቹም ተራቸው ሊደርስ ይችላል። ባለቤት በንብረቱ እንዳያዝ ልከለክል አልችልም፤ ቤት ሲያረጅ መኖር እንደሚከብድም አውቃለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ቤት ያላችሁ የጅማ ሰዎች፣ ከማፍረሳችሁ በፊት በሩን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን በስልካችሁ አንሱ። በዕድሜ የገፋ ዘመድ ካላችሁም ማን እንደሠራው፣ ማን እንደኖረበት ጠይቃችሁ ድምፁን ቅዱ። ጊዜ ከሌላችሁ እኔን ጥሩኝ፤ መጥቼ እቀዳለሁ።