በሹራብ የተሸፈነው ሥዕል

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ደብር ሕፃናት አስተምራለሁ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት የእኔ ናቸው። ትምህርት ቤት የለመደ አፋቸው አልመለስ ብሎ «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። እኔም ለምጄዋለሁ።

ያን ዕለት ክፍሉ ከእጄ ወጥቶ ነበር። በሌሊት ተነሥተው ቅዳሴ የቆዩ ልጆች ናቸው፤ ርቧቸዋል፣ ደክሟቸዋል። አንዱ ከጎኑ የተቀመጠችውን ልጅ ዳቦ ነጥቆ ከጀርባው ደበቀ። ስጠይቀው «አልወሰድኩም» አለ። እኔም ደክሞኝ ነበርና አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«እኔን ብትዋሸኝ እግዚአብሔር ያይሃል! ማታ ስትተኛም ያይሃል!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዝም ስላሉልኝ ደስ ብሎኝ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ የልጁ እናት በር ላይ ጠበቀችኝ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከተነሡት ናቸው፤ አሁን ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት። ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ልጆቻቸው ከደብራቸው እንዳይርቁ ብለው ነው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለችኝ። «ልጁ ማታ አልተኛ ብሎኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን የሥላሴን ሥዕል በዩኒፎርም ሹራቡ ሸፍኖታል። ላንሣው ስል ያለቅሳል። ‹ስድስት ዐይን ነው እኮ› ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

እኔ ግን ገባኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ «እኛም እንዲሁ ስንባል ነው ያደግነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። «እግዜር ይቆጣሃል» ያልተባለ ልጅ ማን አለ? ግን እናት በቤቷ ስትለውና መምህር በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲለው አንድ አይደለም። ልጁ እኔን አምኖ ነው የሰማው።

ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ አልወጣልኝም። በመጨረሻ ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ይዤ ገባሁ፤ የአጋርን ታሪክ።

«አጋር የሣራ ሠራተኛ ነበረች። እመቤቷ ስታስጨንቃት ጠፍታ ወደ በረሃ ሄደች» አልኳቸው።

«እንደ እኛ ሠራተኛ!» አለች አንዷ። «ጓዳ ሆና ስታለቅስ አይቻታለሁ።»

አላቋረጥኳትም። መልአኩ አጋርን ምንጭ አጠገብ አገኛት። ተመለሺ ብሏታል፤ መጀመሪያ ግን ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እሷም እግዚአብሔርን «የሚያየኝ አምላክ» ብላ ጠራችው። ማንም ዞር ብሎ ያላያትን ሴት እሱ አያት።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይዣቸው ገባሁ። በጥንቱ የሥዕል ልማዳችን ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን ይሣላሉ። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዐይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ስነግራቸው በየግድግዳው ዐይን ፍለጋ ተሯሯጡ። ያ ልጅ ግን ጌታ ሲገረፍ የሚያሳየው አሮጌ ሥዕል ፊት ቆሞ ቀረ።

«ቲቸር፣ ይኼ ሰውዬ ለምን አንድ ዐይን ሆነ?»

«ወደ ጎን ስለሚያይ። እኛን አያየንም።»

«ጌታስ?»

«እሱ በሁለቱም ያይሃል።»

«ተቆጥቶ ነው?»

ቁጭ ብዬ ቁመቴን ከቁመቱ አስተካከልኩ። «የዚያን ቀን ያልኩህ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። «እስኪ አንተ እየው። የተቆጣ ይመስልሃል?»

ብዙ አየው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«አይ» አለ። «ደክሞታል።»

ባለፈው እሑድ እናቱን ጠየቅኳት። ሹራቡ አሁንም ማታ ማታ ሥዕሉ ላይ ይሰቀላል። አሁን ግን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰቅለው፤ ዐይኖቹ ይታያሉ።