ከለንደን ፓሪስ፦ 344 ኪሎ ሜትር በስንት ሰዓት?

ትኬቴ መነሻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ መድረሻ 5 ሰዓት ከ20 ይላል። ፓሪስ ከለንደን በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ ያ ሲቀነስ በረራው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በአየር የሚለካው ርቀት 344 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካለው የሚበልጠው በጥቂት ነው።

ፓሪስ ያለችው ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ ነው። እኔ ግን የምኖረው ምሥራቅ ለንደን ስለሆነ መንገዴን ወደ ምዕራብ ጀመርኩ። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በባቡር አቋርጬ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ከፓሪስ ጭራሽ ርቄ ነበር። ከዚያ ፍተሻ፣ ከዚያ ጥበቃ።

የአውሮፕላኑ በር ከተዘጋም በኋላ ወዲያው አልተነሣንም። ሂትሮው ያሉት ማኮብኮቢያዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ተራ ይጠበቃል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ይህንንም ይጨምራል፤ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ አንሥቶ ሌላው ከተማ እስኪቆም ድረስ ነው። አየር ላይ የቆየነው 50 ደቂቃ ቢሆን ነው። አስተናጋጇ ውኃ አድላ ሳትጨርስ ነጫጮቹ የእንግሊዝ የባሕር ገደሎች ወደ ኋላ ቀሩ፤ ኖርማንዲን በቅጡ ሳላያት መውረድ ጀመርን። መስኮት ዳር መቀመጥ ለሚወድ እንደ እኔ ላለ ሰው በጣም አጭር ነው።

ያረፍንበት ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከፓሪስ በስተሰሜን ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የፓስፖርቱን ሰልፍ ጨርሼ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ «ለቡርዤ» የተባለውን ቦታ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1919 የለንደን–ፓሪስ የዕለት ተዕለት በረራ ሲጀመር፣ ዛሬ ሂትሮው ካለበት እምብዛም ከማይርቀው ሃውንስሎ የተነሣችው ትንሽ አውሮፕላን ያረፈችው እዚህ ነበር። የጫነችው አንድ መንገደኛ፣ ቆዳ፣ የታደኑ ወፎችና የወተት ክሬም ነበር፤ የፈጀባትም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በአየር ላይ እኛ ከእጥፍ በላይ ፈጥነናል። ከቤቴ ደጃፍ ሲቆጠር ግን ስድስት ሰዓት ሊሞላኝ ነበር!

የወረድኩት ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በተከፈተው 50 ኪሎ ሜትር ዋሻ፣ ከባሕር በታች አቋርጦ የሚመጣው የለንደን ባቡርም የሚቆመው እዚሁ ነው፤ ከመሀል ለንደን ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃዋል።

ሊቀበለኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ ሻንጣዬን እየተቀበለ፣ «ዞረህ ዞረህ እዚሁ ጣቢያ ለምትወርደው ምን አደከመህ?» አለኝ።

የአውሮፕላኑ ዋጋ በዚያ ሳምንት ባቡሩ ከሚጠይቀው ግማሽ እንደነበር ነገርኩት። ሂትሮው አጠገብ ለሚኖር ሰውም ሒሳቡ ሌላ እንደሚሆን ልጨምርለት ስል አቋረጠኝ።

«እንግዲያው ከተረፈህ ገንዘብ ምሳ ጋብዘኝ።»