ከፊቴ ያለው ጎማ

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው የምጽፈው። ዛሬ በብስክሌት 74 ኪሎ ሜትር ነዳን። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የዛሬው ጉዞ ሳይሆን ሐሙስ ዕለት የገጠመኝ ነገር ነው። እሱን ለመናገር ደግሞ ከሥሩ መጀመር አለብኝ፤ ከክለቡ ጋር መውጣት ከጀመርኩ ስምንት ወር አልፎኝ አንድም መስመር አልጻፍኩም።

ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ብቻዬን ነው የነዳሁት። ብስክሌቱን የገዛሁትም ብቻዬን ልሆንበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠራኝ ይውላል፤ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማንም "አንዴ ላስቸግርሽ" የማይለኝ ቦታ ፈለግኩ። "ለምን ከክለብ ጋር አትወጪም?" ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ "እኔ እኮ ፈጣን አይደለሁም" ነበር። ውሸቴን ነው። ፈጣን እንደሆንኩ አምን ነበር፤ የፈራሁት እንዳልሆንኩ ማወቁን ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከአሁኑ ክለብ ጋር አልነበረም። ሌላ ነው፣ ስሙን ልተወው። "ማንንም ጥለን አንሄድም" ብለውኝ ነበር። ከተነሳን አርባ ደቂቃ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ዳገት መጣ። የመጨረሻው ሰው ጀርባ መጀመሪያ አሥር ሜትር ራቀኝ፣ ቀጥሎ ሃምሳ፣ ከዚያ ቢጫ ነጥብ ሆነ። ኩርባውን ስዞር መንገዱ ባዶ ነው። አገሩን አላውቀውም፤ ስልኬን አውጥቼ ካርታ እያየሁ፣ አፍንጫዬን እየሳብኩ ተመለስኩ። ለወራት ክለብ የሚባል ነገር ሲነሳ ፊቴ ይጠቁር ነበር። አሁን ሳስበው ሰዎቹ ክፉዎች አይመስሉኝም። ፊት ያለ ሰው ኋላ የሚሆነውን አያይም፤ ኋላ ያለው ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት አይጣራም። ቢሆንም የማይጠብቁ ከሆነ "አንጠብቅም" ማለት ነበረባቸው። ይህችን አልረሳላቸውም።

የአሁኖቹ ጋ የወሰደችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከ12 እስከ 16 ሰው እንወጣለን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን። የሚመሩን ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ስልሳን የተሻገሩ ይመስለኛል፣ ባታቸው ግን የሃያ ዓመት ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን "በሰዓት ስንት ትነጂያለሽ?" ይሉኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን "ቀጥ ብለሽ መንዳት ትችያለሽ?" አሉኝ።

ስድብ መሰለኝ። "ምን ችግር አለው!" አልኩ። ጎኔ መጥተው እየነዱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ስለ አየሩ ሁኔታ ያወሩኝ ጀመር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ታወቀኝ። "አሁን ወደ ኋላ ዞረሽ እይና ስንት ሰው እንዳለ ንገሪኝ" አሉ። ዞርኩ፤ ሰባት ሰው ቆጠርኩ፤ ፊቴን ስመልስ ከመንገዱ ዳር ተነስቼ መሐሉን ይዤዋለሁ። አንገት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ሲከተል መሪው ይከተላል። ሦስት ዓመት ነድቼ ይህን አላውቅም ነበር። ብቻውን የሚነዳ ሰው ቢንጋደድም ማን ያየዋል?

"ዛሬ የዚህን ልጅ ጎማ ያዢ፤ ከሱ አትለዪ" ብለው ከአንድ ሰው ኋላ አስገቡኝ።

ልጅ አሉት እንጂ ከእኔ ይበልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ቅዳሜ ከኋላው ነኝ። የለበሰው ማልያ ሰማያዊ ሆኖ በፀሐይ የነጣ ነው። የግራ ኪሱ ዚፕ ተበላሽቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ግራ ባቱ ላይ ልክ እንደ ነጠላ ሰረዝ ያለ ጠባሳ አለው። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲደክመው ደግሞ ጭራሽ ይወርድና ጭንቅላቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። አያወራም። ጉድጓድ ሲያይ እጁ ወርዶ ይጠቁማል፣ የቆመ መኪና ሲኖር እጁ ወደ ጀርባው ዞሮ "ወደዚህ" ይላል፣ ልንቆም ስንል መዳፉ ይዘረጋል። ከእሱ ጋር ለስምንት ወር የተነጋገርኩት በዚያ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ጋሼ ያን ቀን አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኛል፦ የፊት ጎማሽ ከሰው የኋላ ጎማ ጎን አይግባ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ ነው የገባኝ። ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው በፊት ጎማው ነው፤ መሪው ሳይታወቀን ግራ ቀኝ እያለ ክብደታችንን ከሥር ይደግፈዋል። የፊት ጎማ ከጎን ተገፍቶ መዞር ካቃተው ያ ድጋፍ ይጠፋል፣ በሰከንድ ውስጥ መሬት ነህ። ፊት ያለው ሰው ግን የተነካው የኋላ ጎማው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትንሽ ንቅንቅ ብሎ ይሄዳል። የሚወድቀው ተከታዩ ነው፤ ከተከታዩ ኋላ ያሉት ደግሞ በላዩ ላይ። ስለዚህ አንድ ሜትር ያህል ርቄ፣ በቀጥታ ከኋላው፣ ፍሬን ላይ ጣቴን አድርጌ ተከተልኩ። ዓይኔ ግን ጎማው ላይ ተተክሎ ቀረ። ጋሼ መጡና "ጎማውን ምን ታፈጪበታለሽ? በትከሻው ላይ አሻግረሽ መንገዱን እይ፤ ጎማው የትም አይሄድም" አሉኝ።

ቀና ስል ነው ነፋሱ የቀረ መሆኑን ያስተዋልኩት።

ይህን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። በሰዓት 28 እየሄድን ነው፤ ብቻዬን በዚያ ፍጥነት ስነዳ የልብ ምቴ 165 አካባቢ ይሆናል። ሰዓቴን ሳይ 141። ተበላሽቷል ብዬ መታ መታ አደረግኩት። በዝርግ መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት ወደ ኋላ የሚይዘን በአብዛኛው አየር ነው፤ ሌላ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ከሰነጠቀው ለተከታዩ የሚተርፈው ብዙ አይደለም። እቤት ገብቼ ስፈልግ እ.አ.አ. በ2018 የወጣ የእነ በርት ብሎከንን ጥናት አገኘሁ። ይህ ያኔ በአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው 121 ብስክሌተኞች ያሉበትን ትልቅ ቡድን በኮምፒውተርና በነፋስ ዋሻ፣ ማለትም ነፋስ በሚነፋበት የሙከራ ክፍል ውስጥ መርምሮ፣ ከቡድኑ መሐል ወደ ኋላ ገባ ብሎ ያለ ብስክሌተኛ የሚገጥመው የአየር መቋቋም ብቻውን ቢሆን ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 ከመቶ ብቻ እንደሚሆን አሳይቷል። እኛ 14 ሰዎች፣ ያውም ተራርቀን የምንሄድ፣ እዚያ አንደርስም። ግን ቴሌቪዥን ላይ ሳይ ግራ ይገባኝ የነበረው ነገር ያን ዕለት ተፈታልኝ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድ፣ ያ ሁሉ ሰዓት የት ተደብቆ ከርሞ ነው መጨረሻዋ ላይ የሚፈነዳው እል ነበር። ለካ የተደበቀው ሰው ጀርባ ነው። ጉልበቱን ሲያጠራቅም ነው የሚውለው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ፊት የመምራት ተራ ደረሰኝ። ከኋላዬ 13 ሰው አለ፤ ከፊቴ መንገድ ብቻ። ሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር "አሳያቸው" አለኝ። አሳየኋቸው። 28 የነበረውን 32 አደረስኩት፤ እግሬ ቀሎኛል፣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ "ቀስ! ቀስ!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ከሩቅ። ዞሬ ሳይ ቡድኑ ሦስት ቦታ ተበጣጥሷል፤ ያቺ ያመጣችኝ ባልደረባዬ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ትታገላለች።

አራት ኪሎ ሜትር በሰዓት ምን አላት? ብዙ አላት። አየርን ለመግፋት የሚፈለገው ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ነው የሚያድገው፤ ከ28 ወደ 32 ማለት ለአየሩ ብቻ የሚከፈለው ጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እሱም እኔ ጋ ነው። እኔ ስፈጥን ሁለተኛው ጥንድ ለመድረስ ከእኔ ትንሽ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄድና ጅራት ላይ ያለችው ሴትዮ የሩጫ ውድድር ውስጥ ትገባለች። በየኩርባው የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ፊት ያሉት ዞረው ወዲያው ሲረግጡ፣ ኋላ ያሉት ገና ፍሬን ይዘዋል።

ጋሼ አልተቆጡም። ጎኔ መጥተው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ነዱና "አንቺ ልጅ፣ ፊት ስትወጪ ሰው እንዳልተለወጠ አድርጊው፤ ማን እንደሚመራ ኋላ ያለው ማወቅ የለበትም" አሉ። ያ ቢጫ ነጥብ ትዝ አለኝ። እዚያ ዳገት ላይ እኔን የጣለኝ ሰው ምናልባት ልክ እንደ እኔ ደስ ብሎት ነበር።

የባሰው ከመምራቱ በኋላ መጣ። ተራህን ስትጨርስ ዞር ብለህ መኪና አለመኖሩን ታያለህ፣ ወደ ጎን ወጣ ትላለህ፣ እግርህን ታላላለህ፣ ሰልፉ እያለፈህ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። ቀላል ይመስላል። የመጨረሻው ሰው ካለፈህ በኋላ መርገጥ ከጀመርክ ግን አልቆልሃል፤ እሱ ጎንህ ላይ ሳለ ነው መጀመር ያለብህ። ይህን አላወቅኩም ነበርና፣ ባሳየኋቸው ቀን የራሴ ቡድን ጥሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ ከሰልፉ ጅራት አንድ ሰው ሲዘገይ አየሁ። ሰማያዊ ማልያ። ወደ ኋላ አልዞረም፤ እግሩን አላልቶ ብቻ ጠበቀ። ስደርስ ገባሁበት፣ ሁለታችን ቀስ እያልን ተመለስን። "አመሰግናለሁ" አልኩት። አውራ ጣቱን አነሳ፣ ከጀርባው በኩል።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ትንንሽ ነገር ነው። ለምሳሌ ከኮርቻ ተነስቶ መርገጥ። ዳገት ላይ ድንገት ብድግ ስትል እግርህ ለቅጽበት መርገጡን ስለሚያቆም ብስክሌቱ ወደ ኋላ የተመለሰ ያህል ይዘገያል፤ አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ነው፣ ከኋላህ ላለው ግን ያቺ ስንዝር ያለችው ሁሉ ናት። ባለ ሰማያዊ ማልያው ሲነሳ መጀመሪያ ማርሹን አንድ ያከብዳል፤ "ቀጭ" የሚለውን ድምፅ ስሰማ ሊነሳ መሆኑን አውቃለሁ። ስንቅን በሚመለከትም፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲሆን ሳይርበኝ በፊት መብላት እንዳለብኝ ከአንድ መጥፎ ቅዳሜ ተምሬያለሁ። ጡንቻ ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ ድካም አይደለም የሚመጣው፣ ማልቀስ ነው።

ዛሬ የጋሼ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ከመንገዱ ወጥተን ቆምን። ወጣቶቹ ሊረዷቸው ሲሻሙ "ተዉኝ እስቲ" ብለው ተቀመጡ። ጎማውን ሲያወልቁ የውስጡን ላስቲክ ወዲያው አልጣሉትም፤ ነፍተው ቀዳዳውን በጆሮ ፈለጉ፣ ከመንፊያው አፍ ምን ያህል እንደሚርቅ በጣት ለኩ፣ ያንኑ ርቀት ውጪኛው ጎማ ላይ ለኩ። ውጪኛው ጎማ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ከመንፊያው አፍ ትይዩ የሚገጥሙት ለካ ለዚህ ነው፤ እኔ ለማማር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ከኪሳቸው ብጫቂ ጨርቅ አውጥተው በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ሳቡት። ጨርቁ ያዝ አለ። እሾህ ነው፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ። "ይቺን ሳታወጪ አዲስ ብትከቺ አምስት ደቂቃ አትሄጂም" አሉና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት።

እንግዲህ ሐሙስ። አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ። ሱፍ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ወደ እኔ ዞሮ በጣም ሞቅ አድርጎ "እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ?" አለኝ። ፊቱን የትም አይቼው አላውቅም። አለማወቅ ነውር ነውና "ደህና ነኝ፣ አንተስ? ቤተሰብ እንዴት ነው?" አልኩ። ደህና ናቸው አለ። ሥራ እንዴት ነው አልኩ። ጥሩ ነው አለ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። የጎረቤት ዘመድ ይሆን? የድሮ ክፍል ጓደኛ? አብሮኝ እዚያ ዝም ብሎ መቆሙ ራሱ የማውቀው ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ከየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

ተራው ደርሶ ተጠራ። "በይ ደህና ሁኚ" ብሎ ዞረና ወደ መስኮቱ መራመድ ጀመረ። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው።

"እንዴ! አንተ ነህ እንዴ!" ብዬ ጮኽኩ። ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሱ አልዞረም፤ ከጀርባው በኩል አውራ ጣቱን አነሳ።